«ሐሳብ አታብዢ» ከመባላችን በፊት፦ የኩላሊት ደም ቧንቧና የደም ግፊት ታሪክ



ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን ከቡናው በኋላ ስለ ደም ግፊት ስንጨዋወት አብዛኞቻችን «ከብስጭት የሚመጣ ነው»፣ «ሐሳብ ያበዛች ሴት አይቀርላትም» ስንባባል ነበር። እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ዝም ያልኩት ነገሩን ስለማላውቀው አይደለም። ይህንኑ ቃል ከሁለት ዓመት በላይ በራሴ ላይ ስሰማው ስለኖርኩ ነው። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታዬ ቆጨኝ፤ ስለዚህ ለመጽሔታችን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማቀርብላችሁም ታሪክ ነው፦ አንዳንድ የደም ግፊት ከሐሳብ ሳይሆን ከኩላሊት ደም ቧንቧ መጥበብ እንደሚመጣ ሰዎች እንዴት ደረሱበት? በጽሑፉ ውስጥ የታሪኩ ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ የራሴን ላስቀድም። ነገሩ የጀመረው በ31 ዓመቴ ነው። ደም ለመለገስ ሄጄ ሲለካ ግፊቴ 170 በ110 ሆነ። ነርሷ ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካችኝ፤ ያው ነው። ደም ሳልሰጥ ተመለስኩ። ወሩ ሰኔ ነበር፤ በሂሳብ ሥራ ያላችሁ የበጀት መዝጊያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሄድኩበት ጤና ተቋምም «ሰኔ 30 ሲያልፍ ይወርድልሻል፤ ጨው ቀንሺ፤ ሐሳብ አታብዢ» ብሎ አንድ ክኒን ሰጥቶ ሸኘኝ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ፣ ግፊቱ ግን አልወረደም። አንዱ ክኒን ሁለት፣ ቆይቶም ሦስት ሆነ። ራስ ምታቱ አልለቀቀኝም። ማታ ትራስ ላይ ጋደም ስል ጆሮዬ ውስጥ ከልቤ ምት ጋር እኩል «ፉሽ፣ ፉሽ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ለእናቴ ስነግራት «ነርቭ ነው ልጄ» አለችኝ። እኔም አመንኩ፤ በራሴም ማፈር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ችሎ የሚኖረውን ኑሮ እኔ ብቻ ያልቻልኩት መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ አረጋዊ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርገው ሲጨርሱ ወደ ሆዴ አወረዱትና ከእምብርቴ በላይ፣ ወደ ጎን ብለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ «የኩላሊትሽን ደም ቧንቧ ያየልሽ ሰው አለ?» አሉኝ። ማንም አላየልኝም ነበር። በኋላ ነገሩን ሳነብ የተረዳሁት፣ ይህች አጭር ጥያቄ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ እንዳላት ነው።

ግፊት መለኪያ ሳይኖር

ታሪኩ የሚጀምረው ለንደን ነው። በጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት የተባለ ሐኪም ሰውነታቸው የሚያብጥ ሕሙማንን ይከታተል ነበር። ሽንታቸውን በማንኪያ አድርጎ በሻማ እሳት ሲያሞቀው፣ የታመመ ኩላሊት ያለው ሰው ሽንት እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ይረጋል። ፕሮቲን በሽንት እየወጣ መሆኑን የሚያሳይ ነው። ብራይት በ1836 የ100 ሕሙማንን አስከሬን ምርመራ ውጤት በሰንጠረዥ አስፍሮ አሳተመ። ከሰንጠረዡ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ፦ ኩላሊታቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች ልባቸው ከልክ በላይ ተልቆ ነበር። ኩላሊትና ልብ ምን አገናኛቸው? ብራይት ምናልባት የታመመው ኩላሊት ደሙን ስለለወጠው ልብ ደም ለመግፋት አብዝቶ እየሠራ ይሆናል ብሎ ገመተ። ከዚህ ያለፈ ማረጋገጫ ሊኖረው አይችልም ነበር፤ በዘመኑ የሰውን ደም ግፊት በክንድ ላይ የሚለካ መሣሪያ አልነበረምና።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው በ1896 ነው። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ከመለኪያው በታች በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ተጠቅሞ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር የማንበብ ዘዴ አመጣ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ክንዳችን ላይ ጠምጥማ፣ አየር ሞልታ፣ እያዳመጠች የምታስተነፍሰው ያንኑ ዘዴ ነው።

በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በ1898፣ ስዊድን ውስጥ በስቶክሆልም ሮበርት ቲገርስቴት የተባለ ፊንላንዳዊ ሳይንቲስት ከተማሪው ቤርግማን ጋር የጥንቸል ኩላሊት ጨምቆ ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ሥር ውስጥ ሰጠ። የጥንቸሏ ግፊት ወጣ። በኩላሊት ውስጥ ግፊት የሚጨምር ነገር አለ ማለት ነው። ስሙን «ሬኒን» አሉት። የሚገርመው ይህ ግኝት ለ40 ዓመት ያህል የሚያስታውሰው ሳያገኝ በመዝገብ ላይ ተቀመጠ።

የክሊቭላንዱ ማጥበቂያ

ያስታወሰው ሥራ የተሠራው በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። ሃሪ ጎልድብላት አስከሬን የሚመረምር ሐኪም ነበር። በዘመኑ የነበረው እምነት «መጀመሪያ ግፊት ይመጣል፣ ከዚያ ግፊቱ የኩላሊትን ደም ቧንቧዎች ያበላሻል» የሚል ነው። ጎልድብላት ግን በግፊት የሞቱ አንዳንድ ሰዎችን ሲመረምር ሌላው ሰውነታቸው ደህና ሆኖ የኩላሊታቸው ቧንቧ ብቻ ጠቦ አገኘ። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጠው፦ መጀመሪያ ቧንቧው ጠቦ፣ ግፊቱ ከዚያ የመጣ ቢሆንስ?

ለማረጋገጥም ከብር ማዕድን የተሠራች፣ በብሎን የምትጠብቅና የምትላላ ትንሽ ማጥበቂያ አሠርቶ በውሾች የኩላሊት ደም ቧንቧ ላይ አደረገ። ደሙ ሙሉ በሙሉ እንዳይቆም፣ ግን እንዲቀንስ አጠበቃት። የውሾቹ ግፊት ወጣ። የሁለቱም ኩላሊት ቧንቧ ሲጠብ ደግሞ ግፊቱ ወጥቶ ቀረ። ውጤቱን በ1934 አሳተመ። ተከራካሪዎች «ነገሩ የነርቭ ይሆናል» አሉ። ወደ ኩላሊት የሚሄዱት ነርቮች ተቆርጠው ሲሞከርም ግፊቱ ከመውጣት አልቀረም። እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ ብዙ ቆምኩበት። «ነርቭ ነው» የሚለው ቃል ከዘጠና ዓመት በፊት በሙከራ ተፈትኖ፣ ለዚህኛው የግፊት ዓይነት መልስ አለመሆኑ ታይቷል።

ታዲያ ነርቭ ካልሆነ መልእክቱን የሚያደርሰው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የተረሳው ሬኒን ከመዝገብ የወጣው። በ1939 እና በ1940 አካባቢ በኢንዲያናፖሊስ የኧርቪን ፔጅ ቡድን፣ በቦነስ አይረስ ደግሞ የኤድዋርዶ ብራውን ሜኔንዴዝ ቡድን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር አንድ ውጤት ላይ ደረሱ። ሬኒን በራሱ የደም ቧንቧን አያጠብም። በደም ውስጥ ባለ፣ ጉበት በሚሠራው ፕሮቲን ላይ ሠርቶ ሌላ ንጥረ ነገር እንዲወጣ ያደርጋል፤ ቧንቧዎችን የሚያጨማድደው ያ ነው። አንዱ ቡድን «አንጂዮቶኒን»፣ ሌላው «ሃይፐርቴንሲን» ብሎ ጠራው። ለዓመታት በሁለት ስም ሲጠራ ቆይቶ በ1958 ከሁለቱም ስም ግማሽ ግማሽ ወስደው «አንጂዮቴንሲን» በሚለው ተስማሙ።

አሠራሩን እኔ የገባኝ በኮንዶሚኒየም ምሳሌ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት የቤቷ ቧንቧ በዝገት ጠቦ ውኃ ቀጠነባት እንበል። እሷ ግን ችግሩ የሕንፃው ፓምፕ መድከም ይመስላትና «ውኃ አልደረሰኝም፣ ፓምፑን ጨምሩ» እያለች ትጮኻለች። ፓምፑ ይጨመራል። የሌላው ሰው ቤት ቧንቧ ይፈነዳል፣ የእሷ ቤት ግን አሁንም ውኃው ቀጭን ነው። የጠበበ ቧንቧ ያለው ኩላሊትም እንደዚሁ ነው። ደም ያነሰ ይመስለውና ሬኒን ይረጫል፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያመጣል፤ ቧንቧዎች ይጨማደዳሉ፣ ሰውነት ጨውና ውኃ ይይዛል፤ ግፊት ይወጣል። የሚጎዱት ግን ልብ፣ አንጎልና ዓይን ናቸው።

ኩላሊት የማውጣት ዘመን

የጎልድብላት ሥራ ትልቅ ተስፋ ፈጠረ። በ1938 ሊድቤተርና በርክላንድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባድ ግፊት የነበረበትን የ5 ዓመት ሕፃን ታሪክ አሳተሙ። ከተፈጥሮ ቦታው ውጭ የነበረውን አንድ ኩላሊቱን ሲያወጡለት ግፊቱ ተስተካከለ። የወጣው ኩላሊት ሲመረመር ደም ቧንቧው ውስጥ ያለ አግባብ ያደገ ጡንቻ መንገዱን ዘግቶት ተገኘ። ዛሬ ፋይብሮመስኩላር ዲስፕሌዥያ ለሚባለው በሽታ የመጀመሪያው ምስክር ተደርጎ የሚጠቀሰው ይህ ሕፃን ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ችኮላ መጣ። አንድ ኩላሊቱ ትንሽ የተጎዳ ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ኩላሊቱን እንዲያወጣ ይመከር ጀመር። በ1956 የኩላሊት ሳይንስ ሊቅ የነበረው ሆመር ስሚዝ የታተሙትን ውጤቶች ሰብስቦ ሲደምር፣ ኩላሊታቸው ከወጣላቸው ሕሙማን ግፊታቸው የተስተካከለው ከአራቱ የአንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት ኩላሊታቸውንም አጥተው ከግፊታቸውም አልተላቀቁም። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ሰው አመሰግነዋለሁ። ሁሉም የዳነለትን ሲያወራ እሱ ያልዳኑትንም ቆጠረ።

ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ቧንቧው በእርግጥ መጥበቡን ሳያዩ መቁረጥ አይገባም። ለማየት ያስቻለው ደግሞ ቀለም መሰል ፈሳሽ ደም ቧንቧ ውስጥ ሰጥቶ ራጅ የማንሣት ዘዴ ነው። በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር ቀጭን ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ በኩል ወደ ደም ቧንቧ የማስገባት ቀላል መንገድ ካመጣ ወዲህ ምርመራው ተስፋፋ።

ጨሌ የሚመስለው ቧንቧ

በ1958 በዚያችው በክሊቭላንድ ከተማ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ማክኮርማክና ባልደረቦቹ ግፊት የነበረባቸውን ሕሙማን የኩላሊት ቧንቧ መርምረው በሽታውን ስም ሰጡት። የቧንቧው ግድግዳ ጭረትና ጡንቻ ያለ ሥርዓት አድጎ አንድ ቦታ ይጠባል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ ደግሞ ይጠባል። በራጅ ሲታይ በክር የተሰካ ጨሌ ይመስላል። በስብ ክምችት ከሚመጣው መጥበብ የተለየ ነው። የስቡ ዓይነት በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ፣ በሚያጨሱና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሆን፣ ይህኛው ግን አጥብቆ የሚይዘው ሴቶችን ነው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ተጠንቅቆ አልታወቀም። በዘር የሚወረስ ድርሻ እንዳለውና ማጨስ እንደሚያብሰው ግን ይታወቃል። ከኩላሊት ሌላ በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄዱትን ቧንቧዎችም ይይዛል። የጆሮዬ «ፉሽ፣ ፉሽ» የመጣው ከዚያ ነበር።

የወጣት ሴቶችን ኩላሊት ቧንቧ የሚያጠብ ሌላም በሽታ አለ። በ1908 ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ በአንዲት የ21 ዓመት ሴት ዓይን ውስጥ ያልተለመደ የደም ሥር አቀማመጥ አይቶ ዘገበ። በእሱ ስም የሚጠራው ይህ በሽታ የትልልቅ ደም ቧንቧዎች ብግነት ነው። በሕንድ፣ በቻይናና በጃፓን በወጣት ሴቶች ላይ ከሚታየው የኩላሊት ቧንቧ መጥበብ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሕክምናው ከዲስፕሌዥያ ስለሚለይ ሐኪሞች ሁለቱን መለየት አለባቸው።

ፊኛውና የእባቡ መርዝ

ሕክምናው በሁለት መንገድ ተለወጠ። አንደኛው በዙሪክ ይሠራ የነበረው አንድሪያስ ግሩንትሲግ ያመጣው ነው። በ1977 በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ፊኛ በጠበበ የልብ ደም ቧንቧ ውስጥ ነፍቶ ቧንቧውን አሰፋ። በ1978 ያንኑ ዘዴ በኩላሊት ቧንቧ ላይ መጠቀሙን ዘገበ። ለዲስፕሌዥያ ፊኛው ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ አያስፈልግም። በስብ ለጠበበው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2009 እና በ2014 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ለአብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ሕሙማን የሽቦ ቱቦ ማስገባት በመድኃኒት ብቻ ከመታከም የተሻለ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይተዋል። አንድ ዓይነት መጥበብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕክምና የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ክኒን ነው። በብራዚል ጃራራካ የምትባል እፉኝት የነደፈችው ሰው ግፊቱ ይወድቃል። ብራዚላዊው ሳይንቲስት ሰርጂዮ ፌሬይራ በ1960ዎቹ የዚህችን እባብ መርዝ አጥንቶ ለኋላው ሥራ መሠረት ጣለ። ከዚያ ተነሥተው በአሜሪካ ኩሽማንና ኦንዴቲ አንጂዮቴንሲን እንዳይሠራ የሚከለክል ካፕቶፕሪል የተባለ ክኒን ሠሩ፤ በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። አንዳንዶቻችሁ በቦርሳችሁ ይዛችሁት የምትሄዱት ክኒን የብራዚል እባብና የክሊቭላንድ ውሾች ታሪክ አለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ክኒን ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ ሁለቱም የኩላሊት ቧንቧዎቿ የጠበቡ ሴት ስትወስደው ኩላሊቷ ሊደክም ስለሚችል፣ ከተጀመረ በኋላ ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይታያል። ሁለተኛ፣ ፅንስን ስለሚጎዳ ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም። ይህን ክኒን እየወሰደች ለመውለድ የምታስብ እህት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። በራሷ ፈቃድ ግን አታቋርጥ።

ሕሙማኑ የከፈቱት መዝገብ

ከታሪኩ ሁሉ ለማኅበራችን የሚቀርበው የመጨረሻው ክፍል ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ በሽታ እጅግ ብርቅ፣ የወጣት ሴቶች ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2003 በአሜሪካ በበሽታው የተያዙ ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በማኅበሩ ድጋፍም የሕሙማን መዝገብ ተከፈተ። በ2012 የመጀመሪያው ውጤት ሲታተም የ447 ሕሙማን ታሪክ ነበረበት። ከመቶ 91 ሴቶች ናቸው። በሽታው ሲታወቅላቸው አማካይ ዕድሜያቸው 52 ገደማ ነበር። «የወጣቶች ብቻ» የሚለው አልሆነም ማለት ነው። በብዛት የታዩት ምልክቶች የደም ግፊት፣ ራስ ምታትና ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የጆሮ ድምፅ ነበሩ። እኔ ያፈርኩባቸው ሦስት ነገሮች እዚያ በተራ በተራ ተጽፈው ሳያቸው አለቀስኩ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትናገረው «ሐሳብ» የተባለው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች በአንድ መዝገብ ሲያስመዘግቡት የበሽታው ምልክት ሆነ።

ወደ ራሴ ልመለስ። አረጋዊው ሐኪም ዶፕለር አልትራሳውንድ አዘዙልኝ፤ ቀኙ ኩላሊቴ ከግራው አንሶ ተገኘ። ቀጥሎ በሲቲ ስካን ቧንቧዬ ታየ፤ ጨሌው እዚያው ነበር። በፊኛ ተሰፋልኝ። ወጪውን በከፊል የቻልኩት ከዚሁ ከማኅበራችን በወሰድኩት ብድር መሆኑን የብድር ኮሚቴያችን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ ነው የምነግራችሁ። ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ከሦስቱ ክኒኖች አንዱ ቀርቶኛል፣ ክትትሌም አልተቋረጠም። ግፊቴ ግን 130 በ80 አካባቢ ይውላል፤ ሰኔም ይሁን ጥቅምት።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ግፊት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች እንዲህ ያለ የተለየ ምክንያት አይገኝባቸውም። ጨው መቀነስ፣ መንቀሳቀስ፣ ክኒንን በሰዓቱ መውሰድ ለሁላችንም ይሠራል። ኑሮ አያስጨንቅም ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ግፊቷ ከ30 ዓመቷ በፊት የጀመራት፣ ሦስት ክኒን እየወሰደች ያልወረደላት፣ ደህና ቆይቶ በድንገት የባሰባት፣ ወይም ኢናላፕሪል ከጀመረች በኋላ የኩላሊት ምርመራዋ የተበላሸ እህት ካለች፣ «የኩላሊቴ ደም ቧንቧ ይታይልኝ?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። እኔም በ31 ዓመቴ ይህን ጥያቄ ባውቀው ኖሮ ሁለት ዓመት ባልጠፋብኝ።

በሂሳብ ሥራ ሚዛን አልገጥም ሲል ቁጥሩን ፍቀን አናስተካክልም፤ ደረሰኝ በደረሰኝ ወደ ኋላ ሄደን ስህተቱ የገባበትን ቀን እንፈልጋለን። ለሰውነታችንም ይህን ያህል እንድከም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ ሁለት ዓመት የደበቅኩት በሽታዬን ሳይሆን ሐሳበኛ መባሌን ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ የግፊት መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ከቡናው በፊት አረፍ ብለን ሁላችንም እንለካ፣ ቁጥሩንም በየደብተራችን እንጻፈው።

ጤናችሁ ይብዛ።